«እና ወ.ዘ.ተ.» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነውን?

ጠያቂ፦ የጽሕፈት ባለሙያ፣ ሐዋሳ
ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። ሰሞኑን ሁለት ደንበኞች ከአሞራ ገደል መጥተው የዓሣ ቤት ዕቃ ሽያጭ ውል እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ በእጅ የጻፉት ረቂቅ «አራት ጠረጴዛ፣ አሥራ ስድስት ወንበር፣ አንድ ፍሪጅ፣ መጥበሻ እና ወ.ዘ.ተ.» ይላል። እንዳለ ገልብጬ ባሳያቸው ገዢው «እና» የሚለው ይውጣ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ግን ማስረዳት አልቻለም። ቃሉ ምን ማለት ነው? ነጥቡስ የት የት ይገባል?

መልስ፦ የቀድሞ የአማርኛ መምህር
እኅቴ፣ ገዢው ልክ ነው። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ሲሆን ሲዘረዘር «ወዘተርፈ» ይሆናል፤ «ወ» ማለት «እና»፣ «ዘ» ማለት «የ»፣ «ተርፈ» ደግሞ «ተረፈ፣ ቀረ» ማለት ስለሆነ፣ በአማርኛ «እና የተረፈው» እንደማለት ነው። ስለዚህ «እና ወዘተ.» ያለ ሰው «እና እና የተረፈው» ብሏል። «እንደ ኮረሶ፣ አምባዛና የመሳሰሉት ወዘተ.» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው፤ «የመሳሰሉት» ካለ «ወዘተ.» ሥራ የለውም።

ስለ ነጥቡ ብዙ ሰው እንደ ረቂቁ «ወ.ዘ.ተ.» ይጽፋል፤ ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። «ወ» እና «ዘ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው የሚነገሩ ሙሉ ምዕላዶች (ትርጉም ያላቸው የቃል ክፍሎች) ናቸው፤ የተቆረጠው «ተርፈ» ብቻ ስለሆነ ነጥቡም ከ«ተ» በኋላ ብቻ ቢያርፍ ይበቃል። ዓመተ ምሕረት «ዓ.ም.» ሲባል ግን ሁለቱም ቃላት ስለተቆረጡ ሁለቱም ነጥብ ይገባቸዋል። «ወዘተ.» ዐረፍተ ነገሩን ከዘጋም አራት ነጥቡ አይቀርም፤ አንዱ የምሕጻሩ ነው፣ ሌላው የዐረፍተ ነገሩ።

ሰው ሲዘረዘር «ሌሎችም» ማለት ይሻላል። የተጠሩ እንግዶችን በ«ወዘተ.» መዝጋት፣ ስማቸው ያልተነሣውን እንደ ትራፊ መቁጠር ይመስላል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ሐዋሳ
መምህሩ ስለ ቃሉ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔን ያሳሰበኝ የገባበት ቦታ ነው። «ወዘተ.» የሚሠራው አንባቢው ከተዘረዘሩት ተነሥቶ የቀሩትን በራሱ መሙላት ሲችል ብቻ ነው። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወዘተ.» ሲባል ቀጣዩ የማይጠፋው ሰው የለም፤ ከመጥበሻ በኋላ ምን እንደሚመጣ ግን ሻጩና ገዢው አንድ ዓይነት ሐሳብ ላይኖራቸው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1714 የተዋዋዮች ግዴታ በበቂ ሁኔታ ተለይቶ የማይታወቅ ከሆነ ውሉ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል፤ ዳኞችም በትርጉም ሰበብ ለተዋዋዮቹ አዲስ ውል ሊፈጥሩላቸው አይችሉም። በእርግጥ አንዲት «ወዘተ.» ስላለች ብቻ ውሉ በሙሉ ይፈርሳል ማለቴ አይደለም፤ ጠረጴዛውና ፍሪጁ በግልጽ ተጽፈዋልና። ይሁን እንጂ የቀረው ዕቃ ሁሉ በስሙና በቁጥሩ ቢዘረዘር፣ ገጹ ቢረዝም እንጂ የሚጎዳ ነገር የለውም።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ጠርቻቸው፣ «ወዘተ.» የምትለዋን አጥፍቼ በምትኩ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሻጩ «ሁለት ድስትና የሳህን መደርደሪያ» አለ፤ ገዢው ደግሞ «ጄኔሬተሩስ?» አለ። ውሉ እስካሁን አልተፈረመም።