ፖፖ የለመደው ልጄ ተመልሶ ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ወንዱ ልጄ 3 ዓመት ተኩል ሆኖታል። 2 ዓመት ተኩል ሲሞላው ዳይፐር አውልቀን ፖፖ አስለመድነው፤ ብዙም አላስቸገረን። ቀን ቀን ከዳይፐር ከተገላገልን ዓመት ሊሞላን ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር ተገለበጠ። የጀመረው እህቱ ከተወለደች ወዲህ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ ነርሰሪ ገባ። ቀን ላይ ደጋግሞ ሱሪው ይረጥባል። ለካካ ፖፖ ላይ ቁጭ በል ሲባል እንቢ ይላል። ከሶፋው ጀርባ ሄዶ መጋረጃውን ይዞ ይቆማል፤ ፊቱ ይቀላል። ስጠራው «የለም፣ አልመጣም» ይለኛል። ፓንቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ቀጭን ነገር አገኛለሁ፤ ተቅማጥ ይሆን እያልኩ ነው።

አማቴ «አሞላቀቃችሁት፤ አንዴ ቆንጠጥ ብታደርጉት ይተዋል» ይላሉ። ባለቤቴ ወደ ዳይፐር እንመልሰው ባይ ነው። ትምህርት ቤቱም «ሽንት ቤት ያልለመደ ልጅ አንይዝም» ማለት ጀምሯል። እኔ ገና አራስ ነኝ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የሚታጠበው ልብስ ተከምሯል። ከሁሉም የከፋኝ ግን ልጄ ሱሪው ሲረጥብ መደበቅ መጀመሩ ነው። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የመንታዎቹ እናት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልጅሽ ሆን ብሎ አይደለም። እህት ወይም ወንድም ሲወለድ፣ ቤት ሲቀየር፣ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ልጅ ታሞ ሲነሳ፣ የለመደውን መተው በጣም የተለመደ ነው። የእናንተ ልጅ ላይ ሁለቱ በአንድ ሰሞን ነው የመጡበት።

እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ እዪው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሁሉም ስጦታውን ይዞ ይገባና በቀጥታ ወደ ሕፃኗ ነው የሚሄደው። እሷ ዳይፐሯ ላይ ስትሸና «እሰይ የኔ ቆንጆ» ትባላለች፤ እሱ ሲሸና ቤቱ ሁሉ ይጮህበታል። «አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ» የምትለዋን ንግግር ለጊዜው ተዋት። ትልቅ መሆን አሁን ለእሱ እናቱን ማጣት ሆኖበታል።

ሕፃኗ ስትተኛ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ስልክሽን አስቀምጠሽ ከእሱ ጋር ብቻ ቁጭ በይ። ሱሪው ሲረጥብ ደግሞ «ለምን?» አትበይው፤ እሱም ምክንያቱን አያውቀውም። «ረጥበሃል፣ ና እንቀይር» በቃ። ድምፅሽ ቡና አፍይልኝ እንደምትይ ዓይነት ተራ ይሁን። እርጥቡን ሱሪ ራሱ ባልዲው ውስጥ ይጨምር፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ሥራ። መደበቁን የሚተወው ሲገለጥ ምንም እንደማይደርስበት ደጋግሞ ካየ በኋላ ነው።

ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከጻፍሽው ውስጥ ዓይኔን የያዘው ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ፊቱ መቅላቱና ፓንቱ ላይ ያለው ቀጭን ነገር ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ ተቅማጥ አይደለም፤ ድርቀት ነው።

እንዴት መሰለሽ፣ ልጁ አንድ ቀን ደረቅ ካካ ይወጣዋል፣ ያመዋል። ያመመውን ደግሞ አይረሳም። በሚቀጥለው ሲመጣበት ይይዘዋል። እግሩን ያጣምራል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፣ ጥግ ይይዛል። ለሚያየው ሰው የሚያምጥ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዳይወጣ እየታገለ ነው። የተያዘው ሰገራ ውሃው እየተመጠጠ ይብሱን ይደርቃል፣ ይተልቃል። የአንጀቱ መጨረሻ ከመለጠጥ ብዛት እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ይላላና «መጣብኝ» የሚለው ስሜት ይጠፋል። ከዚያ ከበላዩ ያለው ቀጭኑ በደረቁ ዙሪያ ሾልኮ ፓንት ላይ ይወርዳል። ልጁ ሲወርድ አይሰማውም። የሞላው አንጀት ደግሞ አጠገቡ ያለውን የሽንት ፊኛ ይጫናል፤ ሽንቱም በድንገት የሚያመልጠው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከፖፖው በፊት ሆዱ ይታይ። ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የሽንት ምርመራም አብሮ ይሠራለት። ተቅማጥ ነው ብለሽ የተቅማጥ ማስቆሚያ በጭራሽ አትስጪው። የጉሎ ዘይት፣ ኮሶ፣ በመቀመጫው ሳሙና ማስገባት፣ እነዚህም አይሞከሩ። ድርቀት ከሆነ ሐኪሙ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ያዝለታል። እዚህ ላይ ወላጆች የሚሸወዱበት ነገር አለ፤ ካካው እንደለሰለሰ መድኃኒቱን ያቆሙታል። የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው እስኪመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሐኪሙ ሳይነግርሽ አታቁሚ።

ምግቡ ላይ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ጎመን፣ ምስር፣ አጃ ይኑር፤ ውሃ ደግሞ በደንብ ይጠጣ። እንዳይሸና ተብሎ ውሃ የሚከለከል ልጅ ድርቀቱ ይብስበታል። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፤ በወተት የጠገበ ልጅ ምግብ አይነካም።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትወስጂው ደግሞ ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሽንቱ ደም ካለበት፣ ሆዱ ተነፍቶ የሚያስታውከው ከሆነ ነው። ውሃ ጥሙ በዝቶ፣ ሽንቱ በዝቶ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከመጣም ስኳር ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ዕለት ይታይ።

አባት ከአዳማ

እኔ ቤት የሠራውን ልጨምር። «ሽንትህ መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ መልሱ ሁሌም «አልመጣም» ነው፣ በተለይ ጨዋታ ላይ ከሆነ። ሰዓት አውጡለት። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከቤት ሊወጣ ሲል፣ በመሀል ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ። «አሁን የሽንት ሰዓት ነው፤ ፖፖ ይሻልሃል ወይስ ትልቁ ሽንት ቤት?» ስትሉት የሚመርጠው ነገር ስላለው እንቢታው ይቀንሳል።

ለካካ ጥሩው ሰዓት ምግብ ከበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት ይንቀሳቀሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ወጣም አልወጣም «ጎበዝ፣ ተቀመጥክ» ይባል። ትልቁ ሽንት ቤት ላይ ከሆነ እግሩ መንጠልጠል የለበትም። የተገለበጠ የቀለም ጣሳም ሆነ ዱካ ከእግሩ ሥር አድርጉለት፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል። እግሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ በደንብ ማማጥ አይችልም።

ልብሱንም እዩት። ቀበቶና ቁልፍ ያለው የዩኒፎርም ሱሪ ለ3 ዓመት ልጅ ፈተና ነው። እስኪፈታው ያመልጠዋል። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ይልበስ።

ሜሪላንድ ያለች እናት

ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። የእኔዋ ልጅ ቤት ደህና ሆና መዋያዋ ላይ ብቻ ነበር የሚያመልጣት። ለካ እዚያ ያለው ሽንት ቤት ሰው ሲነሳ በራሱ ውሃ ይለቃል፤ ድምፁ ያስደነግጣታል። ሴንሰሩ ላይ ወረቀት መለጠፍ ሲጀምሩላት ተረጋጋች። የልጅሽ ትምህርት ቤት ያለው ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። በሩ ይከብደው፣ ጨለማ ይሁን፣ ቀዳዳው ያስፈራው፣ ትልልቆቹ ይስቁበት፣ ቆመሽ ካላየሽው አይታወቅም። አንድ ጠዋት አብረሽው ገብተሽ ሽንት ቤቱን ራሱ ያሳይሽ።

የአምስት ልጆች አያት

ልጄ፣ አማትሽን አልቀየማቸውም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። በእኛ ጊዜ ልጅ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሱሪ ሳይኖረው ነበር የሚሮጠው። ቢያመልጠው ማንም አያይም፣ ሚስ የምትባል አስተማሪም የለችም። ለዚያ ነው ቀላል የሚመስለን። መቆንጠጡ ግን አይበጅም። የተቆነጠጠ ልጅ ፈርቶ ይይዘዋል፣ ነርሷ እንዳለችው ደግሞ በመያዙ ነው የሚብስበት። «ጅብ ይበላሃል»፣ «መርፌ ትወጋለህ» የሚባለውም ይቅር። ሰው ፊት ሱሪውን አንስቶ ማሳየትማ ነውር ነው፤ ልጅም ክብር አለው።

አማትሽን ሥራ ስጫቸው። ከምሳ በኋላ እሳቸው ይዘውት ይቀመጡና ተረት ይንገሩት። የአያት ተረት ያለበት ፖፖ ልጅ አይጠላም።

ኮንዶሚኒየም ነዋሪ

እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። አራስ ቤት፣ ውሃ በፈረቃ፣ ምን ያስጨንቃል? ለጊዜው ዳይፐር ይልበስና ሁሉም ሲረጋጋ እንደገና ይጀመር።

ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ

ወንድሜ፣ ለድካሟ ማሰብህ ጥሩ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ዳይፐር ከለበሰ ሌላው ልማድም ይጠፋበታል። በመሀል ያለ መንገድ አለ። ካካ ሲመጣበት «ዳይፐር አድርጉልኝ» ካለ ይደረግለት፤ መያዙ ከዳይፐሩ ይከፋል። ሲለሰልስለትና ሕመሙን ሲረሳ፣ ዳይፐሩን ለብሶ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሞ ይጨርስ፣ ቀጥሎ ዳይፐሩን እንደለበሰ ፖፖው ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይወልቃል። በራሱ ፍጥነት። ሌላውን ሰዓት ፓንት ይልበስ። ረጅም መንገድ ከሄዳችሁ ዳይፐር ብታደርጉለት ዓለም አይገለበጥም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሰድኩት። ሐኪሟ ሆዱን ስትነካው ግራው በኩል ጠጣር ነገር እንዳለ ለእኔም በእጄ አሳየችኝ፤ ድርቀት ነው። የሽንት ምርመራው ንጹሕ ነው። ሽሮፕ ታዞለት ጀምረናል። አማቴም ሐኪሟ ያለችውን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከምሳ በኋላ አሁን እሳቸው ናቸው ይዘውት የሚቀመጡት። ሚሷንም አነጋገርኳት፤ ከዕረፍት በፊትና በኋላ ሳይጠይቅ ትልከዋለች፣ ቅያሪ ልብሱ በፌስታል ቦርሳው ውስጥ ነው። ሱሪው አሁንም ይረጥባል፣ ግን «እማ፣ አመለጠኝ» ብሎ ራሱ መጣ። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ የሌሊቱ ነው። ሌሊት ድሮም ደርቆ አያውቅም። እሱንስ አሁን ላስለምደው?

ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ

እሰይ፣ ደስ ይላል። የሌሊቱን ተይው። የሌሊት መድረቅ በማስለመድ ሳይሆን ሰውነት ሲበስል የሚመጣ ነው። 5 ዓመት ከሞላቸው ልጆች እንኳ ከመቶ 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ፤ አንቺ ወይም አባቱ በልጅነታችሁ ትሸኑ ከነበረ ደግሞ ዕድሉ ይጨምራል። ማታ ዳይፐሩን ያድርግ፣ አንሶላው ሥር ፕላስቲክ አንጥፊ፣ ከመተኛቱ በፊት ይሽና። ለወራት ሌሊት ደርቆ የቆየ ልጅ በድንገት ሲጀምር ግን የተለየ ነው፤ ያኔ ይመርመር። ሽሮፑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የክትትል ቀጠሮሽን እንዳትዘነጊ።