የታደሰው ክራሽ ባንዲኩት ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል?

ብሩክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ1996፣ በ1997 እና በ1998 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጡትን ሦስቱን የክራሽ ባንዲኩት ጌሞች በልጅነቴ ደጋግሜ ጨርሻቸዋለሁ። ቪካሪየስ ቪዥንስ ሦስቱንም አድሶ በ2017 «ኤን ሴን ትሪሎጂ» በሚል ስም በአንድነት ያወጣውን ግን መጫወት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የጫካው ቅጠል፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የክራሽ ጸጉር፣ ፊቱ ላይ የሚፈራረቀው ድንጋጤና ደስታ እጅግ ማርኮኛል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ያለው የድልድይ ደረጃ፣ ማለትም «ሮድ ቱ ኖውዌር»፣ ላይ ስደርስ ድሮ ሳልጨነቅ እሻገራቸው በነበሩ ክፍተቶች ውስጥ በተደጋጋሚ እወድቃለሁ። እጄ ልምዱን ረስቶት ነው ወይስ ጌሙ ራሱ ተለውጧል? ተለውጦ ከሆነስ ይህን ሥራ የተሳካ እድሳት ልንለው ይገባል?

ሜሮን

ወንድሜ ብሩክ፣ እጅዎ ልምዱን አልረሳም፤ እንዲያውም የሚወድቁት የድሮውን ዝላይ በሚገባ ስለሚያስታውስ ነው። አዘጋጆቹ የድሮዎቹን ደረጃዎች ቅርጽ አግኝተው መሠረት አድርገውታል፤ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ ግን እንደ አዲስ ነው የጻፉት። በዚህም ምክንያት በጣውላዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከሞላ ጎደል እንደነበረ ሲቀር፣ በዚያ ርቀት ላይ የሚዘለው ገጸ ባሕርይ ግን ሌላ ሆኗል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ክራሽ መሬት ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለውን የሚወስነው የምናየው ጫማው ሳይሆን ሰውነቱን የሚከበው የማይታይ ቅርጽ ነው። በድሮው ጌም የጫማው ጫፍ ብቻ ጣውላው ላይ ቢያርፍም ክራሽ ይቆም ነበር። በአዲሱ ግን ያ የማይታይ ቅርጽ እንደ እንክብል ታችኛው ጫፉ ክብ ስለሆነ፣ ጠርዝ ላይ ያረፈ ክራሽ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። በዚህ ላይ ከዝላዩ ከፍታ ወደ ታች የሚመለሰው ከድሮው ፈጥኖ ነው። ሁለቱ ለውጦች ሲደመሩ በሌሎች ደረጃዎች ብዙም አይሰማንም፤ ጣውላ በጎደለበት ድልድይ ላይ ግን እያንዳንዱ ዝላይ በጠርዝ የሚጀመርና በጠርዝ የሚያልቅ በመሆኑ ጉዳቱ በሙሉ እዚያ ይጠራቀማል።

አሳታሚው አክቲቪዥን በ2017 ጌሙ ከወጣ በኋላ ይህንኑ በይፋ አስረድቷል፤ ለሦስቱም ጌሞች የእንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ የተወሰደው የሦስተኛው ጌም አያያዝ ነው። ውሳኔው ለሦስተኛው ጌም ተስማሚ ነው፤ ለመጀመሪያው ግን አይደለም። የመጀመሪያው ጌም ደረጃዎች የተለኩት በራሱ ክራሽ ዝላይ ነውና ሌላ ክራሽ ሲገባባቸው ልኩ ይዛነፋል። ከዋናው ጌም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው አንዲ ጋቪንም የአዲሱን ምስል አመስግኖ የዝላዩን አሠራር ግን አበላሽተውታል ሲል በአደባባይ ተችቷል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በመድረክ ላይ እየዘለሉ በሚሄዱበት ጌም ውስጥ ዝላዩ ከተነካ የተነካው ዋናው ነገር ነው፤ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ያንን አይክስም።

ናሆም

እህቴ ሜሮን የዘረዘሩት ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ከበደብኝ። የመጀመሪያው ጌም በድሮ መልኩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር አንዘንጋ። ጨዋታውን ለማስቀመጥ እንኳ የጉርሻውን ክፍል መጨረስ ወይም ዕንቁ ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሳይሆን ነፍስ ያለቀበት ተጫዋች ያለፋቸውን ደረጃዎች እንደገና ይጀምር ነበር። አዲሱ ይህን አስቀርቶ ከየደረጃው በኋላ በራሱ ያስቀምጣል። በሦስተኛው ጌም ብቻ የነበረውን የሰዓት ውድድር ለቀደሙት ሁለቱም ጨምሯል፤ እህቱን ኮኮንም በአብዛኞቹ ደረጃዎች መርጦ መጫወት ይቻላል። ከመጠን በላይ ከባድ ሆኖ በ1996 ከጌሙ እንዲወጣ የተደረገውን «ስቶርሚ አሴንት» የተባለውን ደረጃ ደግሞ ከዓመታት በኋላ አድሶ ለሕዝብ ማቅረብ፣ የድሮውን ሥራ ከልብ የሚወድ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጌም ስጫወት ያስከፋኝ ነገር የለም። በመሆኑም የድልድዩ ችግር የሦስት ጌሞችን እድሳት ያከሽፋል ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

ሰላማዊት

የሁለታችሁም ሐሳብ ሚዛን የሚደፋው ሌላ የታደሰ ጌም አጠገቡ ስናስቀምጥ ይመስለኛል። በ1989 ሴጋ ማስተር ሲስተም ለተባለው የጌም መጫወቻ የወጣው «ወንደር ቦይ፦ ዘ ድራጎንስ ትራፕ» እንደ ክራሽ ሁሉ በ2017 ታድሷል። ያደሰው ሊዛርድኪዩብ የድሮውን ኮድ ፈትቶ በማጥናት አሠራሩን እንዳለ ጠብቆ በላዩ ላይ በእጅ የተሣለ ምስል አለበሰው። ተጫዋቹ በጨዋታው መሐል አንድ ቁልፍ ሲጫን አዲሱ ሥዕል ወደ ድሮው ይቀየራል፤ ገጸ ባሕርይው አየር ላይ እያለ እንኳ ቢቀየር ዝላዩ ሳይዛባ ይቀጥላል። በድሮው ጌም ካቆሙበት ለመቀጠል የተሰጠ የይለፍ ቃልም በአዲሱ ላይ ይሠራል። ከዚህ የበለጠ የታማኝነት ማረጋገጫ አላውቅም።

በእርግጥ ባለሁለት ገጽታ የሆነን የ1989 ጌም እንዲህ መጠበቅ ባለሦስት ገጽታውን ክራሽ ከመጠበቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ቪካሪየስ ቪዥንስን በዚያው ልክ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ዝላይ ማስገደድ የግድ አልነበረም። ለመጀመሪያው ጌም የራሱን ዝላይ መስጠት ወይም የጣውላዎቹን ርቀት በጥቂቱ ማጥበብ ይችሉ ነበር። በእኔ ግምት ሦስተኛው ጌም ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። የመጀመሪያው ግን ለዓይን እንጂ ለእጅ አልታደሰም።

ብሩክ፣ ሳይተዉት በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛው ቴሌቪዥንዎን ነው፦ አዳዲስ ስክሪኖች ምስሉን ሲያሳምሩ ቁልፉን በተጫኑበትና ክራሽ በሚዘልበት ጊዜ መካከል መዘግየት ይፈጥራሉ፤ የድሮዎቹ ባለቱቦ ቴሌቪዥኖች ይህ ችግር እምብዛም አልነበረባቸውም። ከማስተካከያው ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ቢያበሩት መዘግየቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ማረፊያዎ ነው፦ የጣውላውን ጠርዝ ሳይሆን መሐሉን ያነጣጥሩ፤ የመዝለያውን ቁልፍም ቶሎ አይልቀቁት። ያም አልሆን ካለ በድልድዩ ግራና ቀኝ ባለው ገመድ ላይ ወጥቶ መራመድ ይቻላል፤ ብዙዎች የሚያልፉት በዚያ ነው፣ ድልድዩ ላይ የሚሰበሩትን ሳጥኖች ግን መልሰው መፈለግ ይኖርብዎታል።