ፔይዴይ ሎን አስከፋዮች ሥራ ቦታዬ እየደወሉ «ትታሰሪያለሽ» ይላሉ፤ በሕግ መጠየቅ ይቻላል? (ሜሪላንድ)

ጥያቄ፦ ጽጌ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦንላይን ከሚያበድር ድርጅት 600 ዶላር ፔይዴይ ሎን (ደመወዝ ሲገባ የሚከፈል የአጭር ጊዜ ብድር) ወስጄ ነበር። ደመወዝ በገባ ቁጥር፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከቼኪንግ አካውንቴ 180 ዶላር ይቆርጣሉ። እስካሁን 720 ዶላር ወስደዋል፤ ግን «እሱ የማራዘሚያ ክፍያ ነው፣ ዋናው 600 እንዳለ ነው» ይላሉ። አካውንቴ ባዶ ሆኖ አንዴ ሳይቆረጥላቸው ሲቀር ሌላ ስም ያለው ድርጅት መደወል ጀመረ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደውላሉ። ወደምሠራበት ነርሲንግ ሆም ደውለው ለሱፐርቫይዘሬ «ዕዳ አለባት» ብለዋል። ለአክስቴ ልጅ ደግሞ «ካልከፈለች ሸሪፍ መጥቶ ይወስዳታል፣ ግሪን ካርዷም ይበላሻል» አሏት። ቮይስሜልና ቴክስቶች አሉኝ። መበደሬን አልክድም፤ ግን እንዲህ ማድረግ ይፈቀድላቸዋል? መክሰስ ከተቻለስ ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ የባልቲሞሩ

እህት ጽጌ፣ መጀመሪያ የሸሪፉን ነገር ከልብሽ አውጪው። ሜሪላንድ ውስጥ የብድር ዕዳ አልከፈልክም ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም፤ የስቴቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ሰውን በዕዳ ማሰር ይከለክላል። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ ከግሪን ካርድሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሸሪፍ ቢመጣ እንኳ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሊያደርስ ነው፤ እሱም ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዋናው ነገር የሚደውለው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ኤፍዲሲፒኤ የሚባለው የ1977ቱ የፌዴራል ሕግ በአብዛኛው የሚይዘው የሌላን ሰው ዕዳ የሚሰበስበውን ኮሌክሽን ድርጅት ነው። ያበደረሽ ድርጅት በራሱ ስም ሲደውል አይመለከተውም። ብዙ ሰው ፋይሉን ይዞ ጠበቃ ጋ ከሄደ በኋላ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ግን የሜሪላንድ ነዋሪ በመሆንሽ ሌላ በር አለሽ፤ የስቴቱ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ «ሰብሳቢ» የሚለው ከሸማች ግብይት የመጣ ዕዳ ለማስከፈል የሚሞክርን ማንኛውንም ሰው ነው። ዋናው አበዳሪም ከዚያ አያመልጥም።

ያደረጉብሽን ከሕጉ ጋር ላያይዝልሽ። በሜሪላንድ ንግድ ሕግ አንቀጽ 14-202 መሠረት፣ በፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኙ ስለ ዕዳሽ አሠሪሽን ማነጋገር ክልክል ነው። ስምሽን የሚያጎድፍ መረጃ ለማይመለከተው ሰው መንገር ክልክል ነው። በወንጀል አስከስስሻለሁ ብሎ ማስፈራራት፣ የሌለ መብት እንዳለ እያወቁ ማስፈራሪያ ማድረግና በጥሪ ብዛት ማሰቃየትም እንዲሁ። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ዘመድ ጋ መደወልን የሚፈቅደው አድራሻሽን ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ዕዳ እንዳለብሽ መናገር አይችሉም። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሬጉሌሽን ኤፍ የተባለው የፌዴራል ደንብ በ7 ቀን ውስጥ ለአንድ ዕዳ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልን እንደ ማዋከብ ይቆጥረዋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ከሆነ በሁለተኛው ቀን አለፉት ማለት ነው።

መልስ፦ ሰላማዊት

ጽጌዬ፣ ክሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቀጣዩ ደመወዝሽ ከመግባቱ በፊት ገንዘብሽን አድኚ።

ለአበዳሪው «ከአካውንቴ እንድትቆርጡ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ላኪ፣ ኮፒውን ለባንክሽ ስጪ። ባንኩን ስቶፕ ፔይመንት (ክፍያው እንዲታገድ ማዘዝ) ስትጠይቂ ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀናት በፊት መሆን አለበት። በቃል ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጪ ካለሽና ካላደረግሽ ትዕዛዙ ይወድቃል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ይህ ነው፦ ቴለሩ «የ180 ዶላር ክፍያ ይቁም» ብሎ ከመዘገበው አበዳሪው በሚቀጥለው 179 ዶላር ይልክና ያልፋል። ስለዚህ በገንዘቡ መጠን ሳይሆን በድርጅቱ ስምና በስቴትመንትሽ ላይ በሚታየው የድርጅቱ መለያ ቁጥር እንዲታገድ ጠይቂ። የዴቢት ካርድ ቁጥርሽንም ሰጥተሻቸው ከሆነ ስቶፕ ፔይመንቱ ካርዱን ላያግደው ስለሚችል ካርዱም ይቀየር።

ፈቃድሽን ካነሳሽ በኋላ ከቆረጡ፣ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ «ያልፈቀድኩት ነው» ብለሽ ለባንኩ በጽሑፍ አመልክቺ። ካላቆሙ ሌላ ባንክ አካውንት ከፍተሽ ዳይሬክት ዲፖዚትሽን አዛውሪ። የድሮውን ግን ባዶውን ጥለሽው አትሂጂ፤ ኦቨርድራፍት ይቆለልብሻል።

አሁኑኑ ማድረግ ያለብሽ ሌላ ነገር፦ ኤንኤምኤልኤስ ኮንሲውመር አክሰስ የሚባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የአበዳሪውንም የኮሌክሽኑንም ስም ፈልጊ፤ ሁለቱም ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ብድር ላይ የሜሪላንድ ጣሪያ በዓመት 33 በመቶ ነው። ያንቺ በየሁለት ሳምንቱ 30 በመቶ ነው፤ በዓመት 780 በመቶ ማለት። በሕጉ ቢሆን የ600 ዶላር የሁለት ሳምንት ወለድ 8 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ፈቃድ የሌለው ሰው ያበደረው ከ25,000 ዶላር ያልበለጠ ብድር በአንቀጽ 12-314 ፈራሽ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ወለድ የተጣለበትም እንዲሁ። ፈራሽ ሲሆን ወለዱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ሕጉ አበዳሪው ዋናውንም ገንዘብ መቀበል ወይም ይዞ መቆየት አይችልም ይላል። ያ ማለት «600 ገና አለብሽ» የሚሉት ቀርቶ፣ የወሰዱት 720 ዶላር ራሱ የሚጠየቅ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ከፍለው ይጨርሳሉ፤ በጣም ያሳዝናል።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

ማስረጃ የሌለው ቅሬታ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ ጥሪ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለበትን ቁጥር፣ ነኝ ያለውን ስምና የተናገረውን ቃል እንዳለ ይጻፉ። «አስፈራራኝ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ «ማክሰኞ ሸሪፍ ሥራ ቦታሽ ይመጣል አለ» ተብሎ ሲጻፍ ነው የሚረዳው። ቴክስቱን ስክሪንሾት ሲያደርጉ ቁጥሩና ቀኑ አብሮ ይታይ። ቮይስሜል ስልክ ሲቀየር ስለሚጠፋ የድምፅ ፋይል አድርገው ወደ ኢሜልዎ ይላኩት። የአክስትዎ ልጅና ሱፐርቫይዘርዎ የሰሙትን በራሳቸው ቃል በአንድ ገጽ ጽፈው ቀንና ፊርማ ያኑሩበት። ይህ ሳይውል ሳያድር ይሁን፤ ወር ካለፈ ሰው ሰዓቱን አያስታውስም።

ቨርጂኒያና ዲሲ ያሉ አንባቢዎች ጥሪውን መቅዳትም ይችላሉ፤ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል።

የባልቲሞሩ

ይህ ለጽጌ አይሠራም፤ አደራ! ሜሪላንድ ውስጥ የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ሳይኖር የስልክ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። መብትሽን ላስከብር ብለሽ አንቺው ተከሳሽ ትሆኛለሽ። መቅዳት ካስፈለገ ገና ሲጀምሩ «ይህን ጥሪ እየቀዳሁ ነው» በያቸው፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ስልኩን ይዘጋሉ፣ ያም አንድ ጥቅም ነው። ራሳቸው የተዉልሽ ቮይስሜል ግን ችግር የለውም።

ስለ ደብዳቤው ቅደም ተከተል ደግሞ ልጨምር፤ እዚህ ላይ መቸኮል ይጎዳል። ሰው ተናዶ በመጀመሪያው ቀን «ከእንግዲህ አትደውሉልኝ» ብሎ ይጽፋል። መብት ነው፣ ኮሌክሽኑም ይህ በጽሑፍ ከደረሰው ማቆም አለበት። ግን ድርጅቱ ማን እንደሆነና አድራሻው የት እንደሆነ ሳታውቂ ዝም ካሉ የምትከሺው ሰው ይጠፋብሻል። መጀመሪያ አንድ ጥሪ አንሺና የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ የፖስታ አድራሻውን፣ የፋይል ቁጥሩንና ዋናውን አበዳሪ ብቻ ጠይቀሽ ዝጊ። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አትተንፍሺ፤ የልደት ቀንና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አትስጪ። ኮሌክሽን ከሆነ መጀመሪያ ባነጋገረሽ በ5 ቀን ውስጥ ስለ ዕዳው ዝርዝር ማስታወቂያ ሊልክልሽ ይገባል። አድራሻውን አልሰጥም የሚል አብዛኛውን ጊዜ አጭበርባሪ ነው።

ማስታወቂያው ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ ተቃወሚ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ይህን ያህል ይበቃል፦

«የፋይል ቁጥር ይህ ነው። ይህን ዕዳ እቃወማለሁ። የብድር ውሉን፣ የከፈልኩትን ዝርዝር፣ የዋናውን አበዳሪ ስምና በሜሪላንድ የመሥራት ፈቃድ ቁጥራችሁን ላኩልኝ። አሠሪዬ በሥራ ቦታ የግል ጥሪ አይፈቅድም፤ እዚያ አትደውሉ። ከቤተሰቦቼ ማንንም አታነጋግሩ።»

በሰርተፋይድ ሜይል፣ በሪተርን ሪሲት (መድረሱን በፊርማ በሚያረጋግጥ ፖስታ) ላኪው፤ ኮፒውንና ደረሰኙን አስቀምጪ። ማረጋገጫ እስኪልኩ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለባቸው። ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ነርሲንግ ሆሙ ጋ አንድ ጊዜ እንኳ ቢደውሉ፣ «አላወቅንም» የሚሉበት መንገድ የለም።

ጽጌ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈለግሁት፤ አበዳሪው ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ የለውም። ውሉ ላይ ደግሞ የሚገዛው የአሜሪካ ተወላጆች ጎሳ ሕግ ነው፣ ጭቅጭቅ ካለ በአርቢትሬሽን (ከፍርድ ቤት ውጭ በግልግል) ብቻ ይታያል ይላል። ኮሌክሽኑ ፈቃድ አለው፣ አድራሻም ሰጠኝ። ዛሬ «300 በካርድ ክፈይና እንዝጋው» አሉኝ። ከፍዬ ልገላገል ወይስ?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

አይክፈሉ፣ በተለይ በካርድ። አዲስ የካርድ ቁጥር ሰጡ ማለት አዲስ በር ከፈቱላቸው ማለት ነው። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለ የስምምነት ወረቀት ውስጥ «ከእንግዲህ ምንም ክስ አላቀርብም» የሚል አረፍተ ነገር ይገባበታል፤ በ300 ዶላር የካሳ መብትዎን ይሸጣሉ።

የጎሳ ሕግ የሚለው አያስደንግጥዎ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚመለከተው የፌዴራል አራተኛ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ሄይስ በዴልበርት ሰርቪስስ በተባለው ጉዳይ፣ የፌዴራልን ሕግ ወደ ጎን የሚያደርግ እንዲህ ያለ የአርቢትሬሽን ስምምነት አይጸናም ብሏል። እያንዳንዱ ውል በራሱ ቃል ስለሚታይ ውሉን ሙሉውን አትመው ለጠበቃ ያሳዩ። አርቢትሬሽኑ ቢጸና እንኳ ጥያቄዎ የሚቀርብበት ቦታ ይቀየራል እንጂ ጥያቄው አይጠፋም።

መልስ፦ ሰላማዊት

ቅሬታውን ሦስት ቦታ አስገቢ፦ ለሜሪላንድ ፋይናንሺያል ሬጉሌሽን ቢሮ የፈቃዱን ጉዳይ፣ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል የማስፈራራቱን፣ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ሁለቱንም። ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጻፊው፤ ስክሪንሾቶቹን አያይዢ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና የአካውንት ቁጥር ግን ሸፍኚ። ፌዴራሉ ቢሮ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል፤ በ2014 ኤስ ካሽ ኤክስፕረስ የተባለውን ፔይዴይ አበዳሪ ተበዳሪዎችን በክስና በወንጀል አስፈራርቷል በሚል 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል፤ ግማሹ ለተበዳሪዎች ተመላሽ፣ ግማሹ ቅጣት።

ቅሬታ ግን ክስ አይደለም። ቢሮዎቹ የግል ጠበቃሽ አይሆኑም፤ ቅሬታው ደግሞ የክስ ጊዜሽን አያቆምልሽም።

መልስ፦ የባልቲሞሩ

ጊዜው ነው ሰውን የሚያሸንፈው። በፌዴራሉ ሕግ ጥፋቱ ከተፈጸመ ጀምሮ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለሽ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ሮትኪስኪ በክሌም ላይ የሚቆጠረው ከተፈጸመበት ቀን ነው፣ ካወቅሽበት አይደለም ብሎ ዘግቶታል። በሜሪላንዱ ሕግ ሦስት ዓመት አለሽ። ስለዚህ ለሱፐርቫይዘርሽ የደወሉበትን ቀን ካሌንደር ላይ ጻፊና ከዚያ ቁጠሪ።

ስለ ካሳውም እውነቱን እወቂ። በፌዴራሉ ሕግ ጉዳትሽን ሳታስረጂ የሚሰጠው ካሳ ጣሪያው 1,000 ዶላር ነው፤ ለጠቅላላው ክስ እንጂ ለእያንዳንዱ ጥሪ አይደለም። «ሃያ ጊዜ ደወሉ፣ 20,000 ዶላር» የሚለው ስሌት የለም። በዚያ ላይ የደረሰብሽ ትክክለኛ ጉዳትና የጠበቃ ክፍያ ይታከላል። የሜሪላንዱ ሕግ ጠንካራ ጎኑ የአካል ጉዳት ባይኖርም ለጭንቀትና ለመንፈስ ጉዳት ካሳ መፍቀዱ ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሄደሽ ከሆነ ወረቀቱን፣ ሺፍት ከቀረሽ የቀረሽውን ሰዓትና የደመወዝ ወረቀትሽን (ፔይ ስተብ) ያዢ።

ከ5,000 ዶላር ያልበለጠ ከሆነ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በስሞል ክሌም (በአነስተኛ ገንዘብ ክስ) ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል፤ ፎርሙ ዲሲ-ሲቪ-001 ነው። መጥሪያው የሚደርሰውን የድርጅቱን ሬዚደንት ኤጀንት ስም ከስቴቱ የድርጅቶች መዝገብ ታገኚዋለሽ። ያንቺ ጉዳይ ግን ፈራሽ ብድርም ስላለበት ፋይሉን መጀመሪያ የሸማቾች ጠበቃ ይየው። አሸናፊ ከሆንሽ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲከፍል ሕጉ ስለሚፈቅድ ከደንበኛው ቅድሚያ የማይቀበሉ አሉ። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጠውን ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድን ጠይቂ፤ አስተርጓሚ እንዲመደብልሽ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ብቻ እንዳይዘነጋ፦ እነሱ ቀድመው ከከሰሱሽና እውነተኛ መጥሪያ ከደረሰሽ፣ «ብድሩ ፈራሽ ነው» ብለሽ ዝም አትበይ። መጥሪያው ላይ ያለውን የመከላከያ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ሞልተሽ መልሺ። መልስ ካልሰጠሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል፣ ከደመወዝሽ መቁረጥ የሚችሉትም ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ስለ ንብረትሽ ቀርበሽ አስረጂ ብሎ ሲያዝሽ ደጋግሞ መቅረት ደግሞ ሊያስይዝሽ ይችላል፤ ያም በዕዳው ሳይሆን ትዕዛዙን ባለማክበር ነው። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የኬዝ ቁጥሩን በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የኬዝ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፤ ካላገኘሽው ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ቢሮ በራስሽ ፈልገሽ ደውዪ።