ቀንሶ ሲያበቃ «ድምር»?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜን ፊዚክስ ሳስጠና አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸነከርኩ። «ሁለት አካላት ሲላተሙ ድምር እንድርድሪታቸው አይለወጥም» ይላል። እንድርድሪት ሞመንተም የሚሉት ነው፤ ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት። ምሳሌው፦ 2 ኪሎ ጋሪ በሴኮንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ 1 ኪሎ ጋሪ በሴኮንድ 4 ሜትር ከፊቱ ይመጣበታል። ሳባዛ 6 እና 4 ወጣ። 10 አልኩ። መልሱ ግን 2! ቀንሶ ሲያበቃ እንዴት «ድምር» ይለዋል?

ልጅ ደብተራ፦ ወንድሜ፣ «ደመረ» በግዕዝ ቀላቀለ፣ አንድ አደረገ ነው። ቁጥር ኋላ የመጣ ነገር ነው። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ የሚለኮሰውን ደመራ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ሰባራ ባቡር፦ ፖለቲካ እንዳታስገቡ ብቻ 😂

አራት ኪሎ፦ አቅጣጫ አለው እኮ። ቀኙን ፖዘቲቭ ካልክ ግራው ኔጌቲቭ ነው። 6 ሲደመር ኔጌቲቭ 4። ድምር ነው፣ ምንም አልተቀነሰም። የማይለወጠውም ሰበቃም ሆነ ሌላ የውጭ ኃይል ካልገባበት ነው።

ልጅ ደብተራ፦ እሱ ይቆየን። ዋናው «እንድርድሪት» ነው። ከ«ደረደረ» የወጣ ይመስለኛል።

ሰባራ ባቡር፦ በገና ደርዳሪና ጋሪ ምን አገናኛቸው?

የቀበና እናት፦ ልጆቼ፣ «ተንደረደረ» ነዋ! ቦይ ለመዝለል ወደ ኋላ ሄዳችሁ አልሮጣችሁም? ጫፉ ላይ ስትደርሱ ልቁም ብትሉ እግራችሁ እሺ አይልም። እሱ ነው።

አራት ኪሎ፦ እትዬ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ይበልጣሉ። ወፍራም ሰው ደግሞ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ ለማቆም ይብሳል። ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ማለት ይኼው ነው።

ልጅ ደብተራ፦ ተንደረደረ ራሱ ከየት መጣ ነው የምለው! አንበለበለ፣ አንጎራጎረ፣ አንደረደረ። «አን»ን አንሳውና «ደርደር» ይቀርሃል። እኔ ቅኔ ስዘርፍ እናንተ ፊደል ትቆጥሩ ነበር።

ሰባራ ባቡር፦ ከቅኔ ቤት ሸሽተህ የመጣህ አልነበርክ እንዴ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ኧረ ቤተሰብ፣ ልጁ ነገ ፈተና አለበት። ጋሪዎቹ ተጣብቀው ቢሄዱ ፍጥነታቸው ስንት ነው?

አራት ኪሎ፦ 2 ሲካፈል ለ3 ኪሎ። በሴኮንድ 0.67 ሜትር ገደማ፣ ወደ ቀኝ። የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው ግን ከ17 ጁል ወደ 0.67 ይወርዳል፤ ቀሪው በሙቀትና በድምፅ፣ ጋሪዎቹንም በመጨራመት ያልቃል።

ልጅ ደብተራ፦ «ተጣበቀ» አልክ? ቆይ፣ እሱን እንየው።