ድንጋዬ ላይ የበቀለችው ቡናማ ነገር ምንድነች? እንዴት ላጥፋት?

ጨውውሃ፦
ሰላም ናችሁ፣ እስቲ እርዱኝ። የጨው ውሃ ዓሳ ገንዳዬ (አኳሪየም) ውስጥ አዲስ ኮራል ካስገባሁ በኋላ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ቡናማ፣ ግንዷ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዙሪያዋን ቀጫጭን ጣት መሳይ ነገር ያላት አበባ የምትመስል ነገር በቅላለች፣ ነካ ሳደርጋት ሹልክ ብላ ጉድጓዷ ውስጥ ትገባለች። አጠገቧ ያለው ኮራል በሷ በኩል ብቻ ሥጋው ተሰብስቦ ነጭ አጽሙ መታየት ጀምሯል። ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሳይ ደሞ ጎንና ጎኑ ነጫጭ ፀጉር ያለው ሮዝ ትል አየሁ። ሁለቱንም በወረንጦ ነቅዬ ልጣላቸው ወይስ ድንጋዩን አውጥቼ ቀቅዬው ልገላገል? በናታችሁ ኮራሉ ሳይሞትብኝ

ሪፍወዳጅ፦
አይፕቴዥያ የምትባል አበባ መሳይ ተናዳፊ የባህር እንስሳ (አኔሞን) ናት፣ ኮራሉን እየነደፈችው ነው። የጣቶቿን ጫፍ እይ፣ ሹል ከሆነ እሷው ናት፣ ድቡልቡል ከሆነና አጠር ካለች ግን ማጃኖ የሚባል ሌላ ዓይነት አኔሞን ነው። እባክህ እንዳትነቅላት!! ከእግሯ ትንሽ ቁራጭ ከቀረ ከዛው ሌላ ትበቅላለች፣ አንዷን አስር ታደርጋታለህ። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት በትንሽ ውሃ እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር አርገህ በጥብጥ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ ከዛ በሲሪንጅ ሳትነካት ቀስ ብለህ አፏ ላይ አፍስስባት፣ ከደነገጠች ትገባና ድካምህ ከንቱ ነው። ፓምፑን ወዲያው አታብራ፣ ዱቄቱ ኮራል ላይ ይበተናል። ፒኤች ስለሚያንር ብዙ ካሉህ በአንዴ አትጨርሳቸው፣ ቆዳና ዓይንም ያቃጥላል ጓንትና መነጽር አድርግ

ሰማያዊ፦
ትሉን ተወው ወንድሜ፣ ብሪስል ዎርም ነው፣ የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር እየበላ ያጸዳልሃል። በጣም ከበዛ ምግብ እያበዛህ ነው ማለት ነው፣ ስትቀንስ እሱም ይቀንሳል። በባዶ እጅ ግን እንዳትይዘው ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ኮራል የሚበላው ፋየርዎርም ሌላ ነው፣ እሱ ነጭ ፀጉሩ ችምችም ያለ ሆኖ ስሩ ላይ ቀያይ ስንጥቦች አሉት

ማዕበል፦
ስለ መቀቀሉ ማንም ስላላነሳው እኔ ልናገር፣ ድንጋዩን በፍጹም እንዳትቀቅል!!! ፓሊቶዋ ወይም ዞአንቱስ የሚባሉት የኮራል ዘመዶች ካሉበት ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፣ በዚህ ሰበብ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። በብሩሽ መፈግፈግም ያው ነው፣ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ኮራል ይተካል እኮ ሳንባ አይተካም

ጨውውሃ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ መቀቀሉን ትቼዋለሁ። ጫፏ ሹል ነው። ግን ስንጥቁ ጥልቅ ስለሆነ ሲሪንጁ የሚደርስ አይመስለኝም፣ ምን ላድርግ?

ሪፍወዳጅ፦
እንግዲያው የሚበላት እንስሳ አስገባ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ትንንሾቹን ይበላል፣ ሁሉም ባይበላም። ስትገዛ ካሜል ሽሪምፕ እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ፣ እሱ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ሰውነቱ ላይ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ ያለው ነው፣ ኮራልህን ይበላብሃል። ለጥልቅ ስንጥቅ ግን የኔ ምርጫ በርጊያ ነው፣ አይፕቴዥያ ብቻ የሚበላ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ፣ ማታ ማታ ስለሚሠራ ውጤቱን ለማየት ትዕግስት ይፈልጋል። ራስ (wrasse) የሚባለው የዓሳ ዓይነት ካለህ በርጊያውን ሊበላው ስለሚችል መጀመሪያ ምን ምን ዓሳ እንዳለህ ንገረን