ግሉተን ካቆምኩም ሆዴ አልተሻለውም፤ ምን ቀረኝ?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) አለብሽ ተብዬ ሁለቱንም ከተውኩ ወራት አልፈዋል። ዳቦ የለም፣ ፓስታ የለም፣ ፈጢራም ቀርታለች። መጀመሪያ ተሽሎኝ ነበር። አሁን ግን ሆዴ ይነፋል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠኛል። ከሰፈር የምገዛውን እንጀራ ነው የምበላው። ማታ ማታ የግመል ወተት እጠጣለሁ። የገጠመው ሰው አለ?

የከዚራው፦ አቦ፣ መጀመሪያ እንጀራውን ጠርጥሪ! ጤፍም ማሽላም ግሉተን የላቸውም። የሚሸጠው እንጀራ ግን ገብስ ወይም ፉርኖ ዱቄት ሊቀላቀልበት ይችላል። እቤት ብትጋግሪም ወፍጮ ቤቱ አለ። ካንቺ በፊት ስንዴ ከተፈጨ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ካንቺው ጋር ይወጣል። እኛ ለወንድሜ ስንል ትንሽ መፍጫ ገዝተን እቤት እንፈጫለን። ጩኸቱን ጎረቤት ለምዶታል። እርሾውንም ከጎረቤት አትበደሪ፤ ከራስሽ ሊጥ አስቀሪ።

ሸዋ በር (ሐረር)፦ በሶና ጠላም ገብስ ናቸው። ቢራም እንደዚያው። «መጠጥ እንጂ እህል አይደለም» የሚል ዘመድ አለኝ፣ እንዳትሰሚው። ደጅ የሚጠበስ ድንችም ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከሆነ ይቅርብሽ።

እናት፦ ልጄ፣ አብሽ በጥብጠሽ ጠጪ።

ነርስ ነኝ (ሐረር)፦ እማማ፣ አብሹ ምክንያቱን አያጠፋውም። እህቴ፣ ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት አቁመሽ እዪው። ሴሊያክ የትንሹን አንጀት ሽፋን ይጎዳል፤ የወተት ስኳር የሆነውን ላክቶስ የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ አንጀቱ እስኪያገግም ወተት ይነፋል፣ ያስቀምጣል። የግመል ወተት ለሆድ ይስማማል ቢባልም ላክቶስ አለው። ብዙዎች አንጀታቸው ሲድን መልሰው ይጠጣሉ። አዋቂ ላይ ይሄ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሌላው የሰገራ ምርመራ ነው። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ልክ እንዳንቺው ያስነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ሴሊያክ ያለበት ሰውም ሊይዘው ይችላል። ሳትመረመሪ ግን መድኃኒት ገዝተሽ አትዋጪ። ሐኪምሽ የሴሊያኩን የደም ምርመራ እንዲደግምልሽም ጠይቂ። ቁጥሩ ካልወረደ ግሉተን ከሆነ ቦታ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቢወርድም ምልክቱ ካለ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፤ ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ይታያል። ክብደትሽ ከቀነሰ፣ ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ተቅማጡ ሌሊት ከቀሰቀሰሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

የሳቢያኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እንጀራ ሻጯን ጠይቄያት ገብስ እንደምትቀላቅል ነገረችኝ። ሴትዮዋ ምንም አልደበቀችም፣ የጠየቃት አልነበረም። ወተቱንም ከዛሬ ጀምሬ ትቻለሁ። ፈጢራ በማሽላ ዱቄት የሞከረ አለ?

የከዚራው፦ አይሆንም። ሊጡ እንደዚያ ስስ ሆኖ የሚለጠጠው በግሉተኑ ነው፤ የማሽላው ይበጣጠሳል። የማሽላ ገንፎ በቅቤ ሞክሪ፣ እሱም ወተቱን ከተውሽ በኋላ ቅቤው ካልከበደሽ።