ማሽላችንን በበቆሎ እንተካው ወይ? የወሎ ቆላ ልጆች ክርክር

የሐርቡው፦ ሰላም ጀመዓ። ቤት ውስጥ ያልቋጨነው ነገር አለ፣ እዚህ ላምጣው። አባቴ «ማሽላ በቃኝ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ መሬቱን በሙሉ በቆሎ ነው የምዘራው» ብሏል። ምክንያት አለው። ረጅሙ ማሽላችን ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር ነው የሚታጨደው። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ አሁን አሁን አይታመንም። በቆሎ ግን ሐምሌ ገብቶ ጥቅምት ላይ ይደርሳል ይላል። ታናሽ ወንድሜም ከእሱ ጋር ነው። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፣ ግን አባቴ ፊት የማቀርበው ነገር አጣሁ። ምን ትላላችሁ?

ከቆቦ፦ አባትህ ልክ ናቸው። ሰው ስለ ዝናብ ያወራል፣ እኔ ስለ ወፍ ላውራ። ልጅነቴን የጨረስኩት ማማ ላይ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ጎህ ሳይቀድ ትወጣለህ። ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ጩኸት፣ ጀምበር እስክትጠልቅ። ምሳህን እንኳ እናትህ ወደ ላይ ታቀብልሃለች። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። ስንት ጎበዝ ልጅ ማማ ላይ ቀረ! ግሪሳ የመጣ ቀንማ ጩኸትህም አያድንህም። በቆሎ ራሱን ለብሶ ነው የሚያፈራው፣ ወፍ እንደ ማሽላ አይጫወትበትም። ምርቱንም እዩት። በአገር ደረጃ በቆሎ በሄክታር ወደ 40 ኩንታል ይጠጋል፣ ማሽላ 30 አይሞላም። ጤፍ በመሬት ስፋት ይበልጠዋል እንጂ በኩንታል የሚደርስበት እህል የለም።

የአምባሰል ሰው፦ ወንድማለም፣ ዝንጀሮውን ረሳኸው። እኛ ገደል ሥር ነው የምናርሰው። በቆሎ ብንዘራ ከወፍ ጥበቃ ወደ ዝንጀሮ ጥበቃ ነው የምንዛወረው። ዝንጀሮ ደግሞ በወንጭፍ አይደነግጥም።

እናት ከኮምቦልቻ፦ ልጆቼ፣ እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ከምጣዱ ልናገር። ንጹሕ የበቆሎ እንጀራ ትኩሱን ይበላል። ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ስጠቀልለው መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ መሶብ ውስጥ ፍርፋሪ ይሆናል። ነጭ ማሽላ ይለያል፣ ከጤፍ ቀጥሎ እሱ ነው። ዓይኑም ያምራል፣ አድሮም ይጠቀለላል። ጤፍ ሲወደድ እኔም በቆሎ እቀላቅላለሁ፣ ሦስት እጅ ጤፍ ላይ አንድ እጅ። ከዚያ ካለፈ ደንበኛ ያውቅብኛል።

ይህን ስል በቆሎን መናቄ አይደለም። ለቂጣ፣ ለገንፎ፣ ለንፍሮ የሚያህለው የለም። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተራቁቶ ልጆቼን እስከ መስቀል ያሻገራቸው የጓሮ እሸት በቆሎ ነው። ያን ውለታ አልረሳም።

የግብርና ባለሙያ፣ ሰሜን ወሎ፦ የሐርቡው ወንድሜ፣ አባትህ የሚያነሱት የሚያዝያ ነገር ትክክል ነው። በእኔ ሥራ የምሰማው ዋና እሮሮ እሱ ነው። ግን የመስከረሙንም ይቁጠሩ። አብረን እንቁጠር። መካከለኛ የሚባለው የበቆሎ ዝርያ አበባ ለማውጣት ወደ 65 ቀን ይፈልጋል። ሐምሌ 5 ከተዘራ የሚያብበው መስከረም 5 አካባቢ ነው። የእኛ ቆላ ክረምት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው ጥሎን የሚሄደው።

በቆሎ በዚህ ጊዜ ውኃ ካጣ አለቀለት። ላዩ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን የሚያረግፈው ለአንድ ሳምንት ገደማ ነው። ጥማት ላይ ያለ በቆሎ ጸጉሩን ዘግይቶ ያወጣል። ጸጉሩ ሲወጣ ብናኙ አልቋል። ማሳው ከሩቅ ለምለም ነው፣ ራሱን ገልጠህ ስታየው ቆረቆንዳው ላይ እዚህም እዚያም ጥርስ የመሰለ ፍሬ ብቻ። ይህን ያየ ገበሬ ፊት መቆም ከባድ ነው።

ማሽላ ሲጠማው ቅጠሉን ጠቅልሎ ይተኛል። ሥሩ ጠልቆ ይፈልጋል፣ ቅጠሉም ላይ ያለው ሰም እርጥበቱን ይይዝለታል። ዝናብ ሲመለስ ነቅቶ ያድጋል። በቆሎ መጠበቅ አይችልም፣ ማሽላ ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

መፍትሔውም በቆሎ ብቻ አይደለም። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ያወጣው ጊራና 1 ሐምሌ ተዘርቶ የሚደርስ ማሽላ ነው። ያለ መስኖ በቆሎ ካላችሁም በ90 ቀን ገደማ የሚደርሰውን መልካሳ 1 ጠይቁ።

ከቆቦ፦ አጭሩ ማሽላ እኮ አገዳ የለውም! አባቴ አንዴ ዘርቶት ነበር። እህሉ ጥሩ ነበር፣ በሬዎቹ ግን በጋውን እንዴት ይለፉት? ደግሞ አካባቢው ላይ ቀድሞ የደረሰ ማሳ እሱ ስለሆነ የአገሩ ወፍ በሙሉ እሱ ላይ ሰፈረ። አቀንጭራስ? ማሽላችንን ከሥር የሚመጠው አረም እሱ አይደለም?

የግብርና ባለሙያ፣ ሰሜን ወሎ፦ የአገዳው ነገር እውነት ነው። ገበሬው ዝርያውን እምቢ ሲል «አልገባውም» የሚሉ አሉ። በደንብ ገብቶታል። አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው።

አቀንጭራ ግን በቆሎንም አይምርም። ለማሽላ እንዲያውም መላ ተገኝቶለታል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው።

ከባቲ መንገድ፦ የአሜሪካ ተምቹን ማንም አላነሳም። በ2009 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ በቆሎ መዝራት ማለት በየማለዳው ማሳ ውስጥ ማጎንበስ ማለት ነው። መሀል ቅጠሉን ፈልቅቀህ እንጨት ፍቅፋቂ የመሰለ ኩሱን ካየህ ውስጥ አለ። በጣትህ አውጥተህ መጨፍለቅ ነው። እኛ ቤት ልጆቹ በዚህ ሥራ ነው ያረፈዱት። ከማማ ወርደው ተምች ለቀማ ገቡ ማለት ነው። ማሽላም ላይ ይወጣል፣ የሚመርጠው ግን በቆሎን ነው።

ነርስ ከደሴ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በቆሎ መነሻው ሜክሲኮ ነው፣ እዚያ ሰው ማብላት ከጀመረ ወደ 9,000 ዓመት ይሆነዋል። እነሱ በኖራ ቀቅለው ነው የሚፈጩት። ኖራው ውስጡ የታሰረውን ቫይታሚን ይፈታዋል። እህሉን ያለ ዘዴው የወሰዱት አገሮች፣ በተለይ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ፔላግራ በሚባል በሽታ ብዙ ሰው ቀብረዋል። እኛን ያዳነን ከሽሮና ከባቄላ ጋር መብላታችን ነው። ቤቱ በቆሎ ብቻ ከሆነ፣ ወጥ ውስጥ ጥራጥሬ ከጠፋ ነው የምፈራው።

አባት ከተሁለደሬ (ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)፦ በእኛ ዕድሜ በቆሎን የባሕር ማሽላ ነበር የምንለው። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ይከበራል። ቤቱን ግን አይረከብም። በ77 ይህ አገር ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ማሽላም አልተረፈ፣ በቆሎም አልተረፈ፣ አላህ ያውቃል። ግን ዝናቡ ሲመለስ የዘራነው ከየጎረቤቱ ጭብጥ ጭብጥ እየለመንን ያገኘነውን የራሳችንን ዘር ነው። የዛሬው ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ ይገዛል። ክፉ ቀን ሲመጣ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

«ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ ታውቃላችሁ? እሸቱ ተጠብሶ ሲታሽ ስሙን ያገኘበት ይገባችኋል።

የግብርና ባለሙያ፣ ሰሜን ወሎ፦ አባቴ ዕድሜ ይስጥዎት! እሱን ዘር የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ሁለት የወሎ ማሽላዎች ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ሁሉ በልጠው ተገኙ። ላይሲን በቆሎም ማሽላም የሚያጥራቸው ነገር ነው። ያ ዓመት የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደረቴን ይከብደኛል። አሁን ማሳ ለማሳ ብትሄዱ እነዚያን ዘሮች የሚዘራ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ከበቆሎ ጋር ጠብ የለኝም። የምፈራው ማሽላው አንዴ ከጎተራ ከወጣ ዘሩ አብሮ መጥፋቱን ነው።

የሐርቡው፦ የምፈልገውን አገኘሁ። ለአባቴ የመስከረሙን ቆጠራ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ፣ ከዚያ በጣቱ ደግሞ ቆጠረ። የተስማማነው እንዲህ ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው፣ በሞተር ውኃ የሚደርሰው ማሳ ለበቆሎ ይሁን። ላይኛው በማሽላ ይቆያል፣ ግማሹ ረጅሙ፣ ግማሹ ጊራና። ወንድሜ አላመነበትም፣ አሁንም «ትጸጸታላችሁ» ይላል። የተሁለደሬው አባቴ፣ የወተት በጉንጬ ዘር ከየት ይገኛል?

አባት ከተሁለደሬ፦ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ነቀዝ አልነካውም። አሥር ራስ ይሆናል። ለገበያ ሐይቅ ከተማ ስትመጣ እለፍ፣ አምስቱ ያንተ ነው። ስታጭድ አምስቱን መልስልኝ።